በካይ ነገሮች በውሃ ውስጥ ከናኖ ቅንጣት ጋር እንዴት ይያያዛሉ፣ እንዴትስ ይለቀቃሉ? በአዳማና አካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በአዳማ፣ በወንጂና በአዋሽ ዳርቻ ውሃ ላይ ለሚሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለተመራቂ ተማሪዎችና ለውሃ ተቋም ሠራተኞች ነው። ጥያቄዎቹ ብዙ ቢመስሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፦ ቅንጣቱ በካዩን ያዘ ማለት ውሃው ዳነ ማለት አይደለም። የያዘውን መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ምን ያህል እንደሚለቅ ያልተለካ ማጣሪያ ገና አልተፈተነም።

ናኖ ቅንጣት የሚባለው ምን ያህል ትንሽ ሲሆን ነው? ትንሽነቱስ ምን ይጠቅማል?

ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለው ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በካዩ የሚያዘው በቅንጣቱ ገጽ ላይ ስለሆነ ዋናው ነገር የገጹ ስፋት ነው። ለድቡልቡል ቅንጣት ስሌቱ ቀላል ነው፤ 6ን ለጥግግቱና ለዲያሜትሩ ብዜት ማካፈል። ማግኔታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ ጥግግቱ 5.18 ግራም በኩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ዲያሜትሩ 10 ማይክሮሜትር ከሆነ አንድ ግራሙ 0.12 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ አለው። 10 ናኖሜትር ከሆነ ግን 116 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቁና የገጻቸው ከፊሉ ይሸፈናል። በናይትሮጅን ጋዝ ተለክቶ የመጣ የገጽ ስፋትም በደረቅ ዱቄት ላይ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ሁለት ዱቄቶችን ሲያወዳድሩ በስፋታቸው ብቻ አይፍረዱ፤ በራሱ በውሃው ውስጥ የያዙትን ይለኩ።

በካዩን ከቅንጣቱ ጋር የሚያያይዘው ምንድን ነው?

አንድ ኃይል አይደለም፤ የመልቀቁም ነገር የሚወሰነው በየትኛው እንደተያዘ ነው።

በጣም ልል የሆነው የኤሌክትሪክ መሳሳብ ነው። ገጹ ፖዘቲቭ ከሆነ ኔጋቲቭ አዮን ይቀርበዋል፤ በመካከላቸው ግን የውሃ ሞለኪውሎች አሉ። በዚህ መንገድ የተያዘ አዮን ጨው ሲጨመር ወዲያው ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

ከዚያ ይበልጥ ጠበቅ ያለው የቦታ ልውውጥ ነው። በአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) እና በብረት ኦክሳይድ ገጽ ላይ ከብረታ ብረቱ ጋር የተያያዙ የሃይድሮክሳይድ ቡድኖች አሉ። ፍሎራይድ አንዱን ሃይድሮክሳይድ አስነስቶ በቦታው ይገባል፤ የተነሳው ሃይድሮክሳይድ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ስለዚህ በፈር (ፒኤች እንዳይለወጥ የሚያደርግ ውህድ) ባልገባበት ሙከራ ላይ ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ከፍ ሲል ያያሉ። አርሰኒክና ፎስፌትም በብረት ኦክሳይድ ላይ የሚያዙት በዚህ መንገድ ነው። ይህ ትስስር በንጹህ ውሃ በማጠብ ብዙም አይፈታም፤ ፒኤች ከፍ ሲል ወይም ይበልጥ የሚፈለግ ሌላ አዮን ሲመጣ ግን ይፈታል።

እንደ ዲዲቲ ያሉ ውሃ የማይወዱ ኦርጋኒክ ውህዶች ደግሞ ካርቦን ነክ ቅንጣቶች ላይ ይለጠፋሉ። የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ሞለኪውሎች በካርቦን ናኖቱቦች ላይ አጥብቀው ይነጠፋሉ። እዚህ ጨው መጨመር አያስለቅቅም፤ አልኮል ወይም ሌላ ኦርጋኒክ ማሟሟያ ያስለቅቃል።

በመጨረሻም በካዩ ገጹ ላይ ዝቃጭ ሆኖ ሊቀመጥ ወይም ኬሚካላዊ ማንነቱ ሊለወጥ ይችላል። ከዚህ ወገን ስለሆነው ስለ ክሮሚየም ከታች እንመለስበታለን።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ርካሽ ፈተና አለ። ያንኑ ሙከራ በ0.001፣ በ0.01 እና በ0.1 ሞላር የሶዲየም ናይትሬት ውሃ ውስጥ ይድገሙት። ጨው በጨመረ ቁጥር የተያዘው መጠን በግልጽ ከቀነሰ ልሉ መሳሳብ ያመዝናል። ካልተለወጠ የጠበቀው ትስስር ነው ብሎ ለመገመት በቂ ምክንያት አለ።

ፒኤች ይህን ያህል ወሳኝ የሆነው ለምንድን ነው?

የቅንጣቱ ገጽ ቻርጅ የሚወሰነው በፒኤች ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ኦክሳይድ የዜሮ ቻርጅ ነጥብ አለው። ውሃው ከዚያ ነጥብ በታች ከሆነ ገጹ ፖዘቲቭ ነው፣ ከላይ ከሆነ ኔጋቲቭ። ሲሊካ ከ2 እስከ 3፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ 6 አካባቢ፣ ማግኔታይት ከ6 እስከ 8፣ አሉሚና ከ8 እስከ 9 ላይ ነው። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ዝቅ ያለ በመሆኑ በተለመደው የመጠጥ ውሃ ብዙ ጊዜ ኔጋቲቭ ነው፤ ለሊድና ለካድሚየም ጥሩ ነው፣ ለፍሎራይድ ግን አይሆንም።

ነጥቡን ራስዎ መለካት ይችላሉ። 0.01 ሞላር የሶዲየም ናይትሬት ውሃ አዘጋጅተው ከፒኤች 3 እስከ 11 በየአንዱ ፒኤች 40 ሚሊሊትር ይቅዱ፤ በእያንዳንዱ ላይ 0.1 ግራም ዱቄት ጨምረው ለ24 ሰዓት ያወዛውዙ። የመጨረሻው ፒኤች ከመነሻው ያልተለወጠበት ቦታ ነጥቡ ነው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከ8 በላይ ባሉት ጠርሙሶች ላይ ነው፤ ከአየር የገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ያወርደዋል። ናይትሮጅን ጋዝ ያሳልፉባቸውና በደንብ ይክደኗቸው።

በላቦራቶሪ ጥሩ የሠራው ዱቄት በወንጂ ጉድጓድ ውሃ ለምን አነሰ?

ከሁሉ ይልቅ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም ረጅም ነው።

የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ካልሲየም ፍሎራይድ አድርጎ ያዘቅጠው ነበር፤ ስለሌለ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቆያል። በወንጂ አካባቢ ከ10 ሚሊግራም በሊትር ያለፈ ፍሎራይድ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 1.5 ነው። በስኳር ልማቱ መንደሮች የጥርስና የአጥንት ፍሎሮሲስ (ፍሎራይድ ሲበዛ የሚመጣ ጉዳት) በሰፊው የተመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። በአክቲቬትድ አሉሚና የሚሠሩ ማጣሪያዎች ወንጂ የገቡትም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ለዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ አዲሱ የቅንጣቱ መጠን ብቻ ነው።

በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ አሟሙቶ በፒኤች 5 ወይም 6 የሚሞከር አሉሚና በጣም በሚመቸው ቦታ ላይ ነው ያለው። የጉድጓዱ ውሃ ፒኤች ግን ብዙ ጊዜ ከ7.5 በላይ ነው፤ ገጹ ወደ ዜሮ ቻርጅ ነጥቡ ይጠጋል። በተጨማሪ ተፎካካሪ አለ። አንድ ውሃ 10 ሚሊግራም ፍሎራይድና 500 ሚሊግራም ባይካርቦኔት በሊትር ቢኖረው፣ በሞል ሲቆጠር ለአንድ የፍሎራይድ አዮን ወደ 16 የባይካርቦኔት አዮኖች አሉ ማለት ነው። የእሳተ ገሞራ አለት ያሳለፈው ውሃ ደግሞ ሲሊካ ይይዛል። ሲሊካ ቀስ ብሎ ገጹን ይሸፍናል፤ በሁለት ሰዓት ሙከራ አይታይም፣ በሳምንታት የማጣሪያ ሥራ ግን ይታያል። ፎስፌት ካለ ከሁሉም ይብሳል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በባይካርቦኔት ውሃ ይሞክሩ። ለአንድ ሊትር 22.1 ሚሊግራም ሶዲየም ፍሎራይድና 689 ሚሊግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ቢያሟሙ ከላይ የተጠቀሰውን ውሃ ያገኛሉ። ከዚያ በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ይድገሙት። በዲስቲልድ ውሃ የተገኘውን ቁጥር ሪፖርት ማድረግ ይቻላል፤ ማጣሪያ ለመንደፍ ግን መጠቀም አይገባም።

መያዝንና መልቀቅን በትክክል ለመለካት ምን ማድረግ አለብኝ?

የፍሎራይድ ሙከራ በፕላስቲክ ዕቃ ይሠራ፤ ፍሎራይድ በተለይ አሲድ ባለበት ብርጭቆን ይበላል። በ50 ሚሊሊትር ቱቦ ውስጥ 40 ሚሊሊትር ብቻ ይጨምሩ፤ ቱቦው ጢም ብሎ ከሞላ ሲወዛወዝ ዱቄቱ ከታች ይተኛል። 0.08 ግራም ዱቄት ያስገቡ፤ ይህ በሊትር 2 ግራም ነው። በደቂቃ ከ150 እስከ 200 በሚዞር ሼከር ላይ ያድርጉና በ5፣ 15፣ 30፣ 60፣ 120 እና 240 ደቂቃ እንዲሁም በ24 ሰዓት ይለኩ፤ ለእያንዳንዱ ጊዜ የተለየ ቱቦ ይኑር፣ ሦስት ሦስት ጊዜም ይደገም። ከእነዚህ ጋር ዱቄት የሌለው ፍሎራይድና ፍሎራይድ የሌለው ዱቄት አብረው ይወዛወዙ። የመጀመሪያው ዕቃው የወሰደውን፣ ሁለተኛው ዱቄቱ ራሱ ይዞት የመጣውን ያሳያል። የአዳማ ከሰዓት ሙቀትና የሌሊቱ ስለሚለያይ የ24 ሰዓቱ ሙከራ ሙቀቱ በሚቆጣጠሩት ቦታ ይሁን።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። መነሻው 10 ሚሊግራም በሊትር፣ መጨረሻው 3 ከሆነ የወረደው 7 ነው። 7ን በ0.04 ሊትር አባዝተው ለ0.08 ግራም ሲያካፍሉ 3.5 ሚሊግራም በግራም ያገኛሉ። ዱቄቱ በአጠቃላይ የያዘው 0.28 ሚሊግራም ነው።

ለመልቀቁ፣ ቱቦውን በሴንትሪፉጅ አዙረው የላዩን ውሃ ይቅዱና ቱቦውን ይመዝኑ። ደረቅ ቱቦውንና ዱቄቱን ሲቀንሱ የቀረው እርጥበት ይገኛል፤ 1.5 ሚሊሊትር ነው እንበል። አሁን 40 ሚሊሊትር የ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምረው ለሁለት ሰዓት ያወዛውዙ። የተለካው 5.6 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን፣ 5.6ን በ0.0415 ሊትር ያባዙና በእርጥበቱ ውስጥ አስቀድሞ የነበረውን፣ 3 በ0.0015፣ ይቀንሱ። 0.228 ሚሊግራም ይመጣል፤ ከተያዘው 81 በመቶ ማለት ነው።

የእርጥበቱ እርማት እዚህ ትንሽ ነው። በውሃው የቀረው በካይ 100 ሚሊግራም በሊትር በሆነበት ሙከራ ግን 1.5 ሚሊሊትሩ 0.15 ሚሊግራም ይይዛል፤ ካልተቀነሰ ከቅንጣቱ የተለቀቀ ይመስላል። ብዙ «በቀላሉ ይለቃል» የሚሉ ውጤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የዱቄቱን መጠን ሲመርጡ ከበካዩ ከ20 እስከ 80 በመቶ እንዲወርድ አድርገው ይምረጡ። 10 ገብቶ 9.7 ከወጣ፣ ልዩነቱ 0.3 ነው፤ የመለኪያው ስህተት 3 በመቶ ቢሆን እንኳ ልዩነቱን ይውጠዋል።

በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማስለቀቅ የሚነግርዎ ዱቄቱን ማደስ እንደሚቻል ነው። በአገልግሎት ላይ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ግን ሌላ ሙከራ ያስፈልጋል፦ የጠገበውን ዱቄት ፍሎራይድ በሌለው ያንኑ ዓይነት የባይካርቦኔት ውሃ አምስት ጊዜ እየቀየሩ ያወዛውዙ፣ በእያንዳንዱ ዙር የወጣውን ይለኩ።

የፍሎራይድ ኤሌክትሮዱ የሚያወጣው ቁጥር ይዋዥቃል። የት ነው የሚሳሳተው?

በመጀመሪያ መስመሩን ያረጋግጡ፤ ፍሎራይዱ በአሥር እጥፍ ሲጨምር ንባቡ በ25 ዲግሪ ከ54 እስከ 60 ሚሊቮልት መውረድ አለበት። ከዚህ ካነሰ ኤሌክትሮዱ መወልወል ወይም ስታንዳርዱ መታደስ አለበት። የ1000 ሚሊግራም ስታንዳርድ ለመሥራት በ105 ዲግሪ የደረቀ ሶዲየም ፍሎራይድ 2.210 ግራም በአንድ ሊትር ይሟሟል።

ናሙናውና በፈሩ እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ። ቲሳብ የሚባለው በፈር በአንድ ሊትር 57 ሚሊሊትር ግላሲያል አሴቲክ አሲድ፣ 58 ግራም የገበታ ጨው፣ 4 ግራም ሲዲቲኤ (ብረታ ብረትን የሚያስር ውህድ) ይዞ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹ ከ5.0 እስከ 5.5 የሚስተካከል ነው። ከዚህ በታች ፍሎራይዱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይሆናል፣ ኤሌክትሮዱም አያየውም። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ እንደ ፍሎራይድ ይቆጠራል። ስለዚህ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተለቀቀ ናሙና አስቀድሞ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ገለልተኛ ይምጣ፤ የተጨመረው አሲድ መጠንም በስሌቱ ይግባ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አሉሚኒየም ነው። አሉሚና በአሲዳማ ውሃ በጥቂቱ ይሟሟል፤ የሟሟው አሉሚኒየም ፍሎራይዱን በውሃው ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል። ሲዲቲኤ የሚጨመረው ይህን ለመፍታት ነው፤ አሉሚኒየሙ ጥቂት ሚሊግራም በሊትር ካለፈ ግን አይበቃም። ያኔ ኤሌክትሮዱ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል፣ እርስዎም ዱቄቱ ያዘው ብለው ይጽፋሉ፤ ፍሎራይዱ ግን በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ነው። በአሉሚና የሚሠራ ሁሉ አሉሚኒየምንም ይለካ፤ በተጣራ ውሃ ከ0.2 ሚሊግራም በሊትር መብለጥ የለበትም።

ቅንጣቱን ከውሃው በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ብለየው አይበቃም?

አይበቃም። 0.45 ማይክሮሜትር 450 ናኖሜትር ነው። የ50 ናኖሜትር ቅንጣት በካዩን እንደተሸከመ ያልፋል፤ ከዚያም ናሙናው አሲድ ሲገባበት በካዩ ይለቀቅና «የሟሟ» ተብሎ ይቆጠራል። የ0.1 ወይም የ0.02 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይጠቀሙ፤ ማጣሪያው ራሱ በካዩን እንዳይወስድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሚሊሊትሮች ይድፉ።

ሴንትሪፉጅ ሲጠቀሙ ጊዜውን ያስሉ። በደቂቃ 4000 በሚዞር፣ የላዩ ውሃ ከመሐሉ 8 ሴንቲሜትር፣ የቱቦው ታች 12 ሴንቲሜትር በሚርቅበት ሴንትሪፉጅ፣ የ50 ናኖሜትር የማግኔታይት ቅንጣት ሙሉ በሙሉ ለመውረድ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የ10 ናኖሜትሩ 24 ሰዓት ተኩል። በተግባር ቅንጣቶቹ ስለሚጣበቁ ቶሎ ይወርዳሉ፤ ሁሉም መጣበቁን የሚያረጋግጠው ግን የተቀዳውን ውሃ በአሲድ አሟሙቶ ብረቱን መለካት ነው። ማግኔትም እንዲሁ ነው፤ የተጣበቁትን ይስባል፣ ነጠላዎቹን የ10 ናኖሜትር ቅንጣቶች ግን የእጅ ማግኔት ጎትቶ አይጨርሳቸውም።

ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም እንዴት ነው? ከሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ የሚገባው?

ክሮሚየምን በጥቅሉ መናገር አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ዓይነቶች ተቃራኒ ጠባይ አላቸው። ቆዳ የሚለፋው በሦስት ቻርጅ ክሮሚየም ነው። ይህ ፖዘቲቭ ነው፤ ፒኤች ከፍ ሲል በቅንጣት ላይ ይያዛል ወይም 8 አካባቢ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል፤ አሲድ ሲገባ ይለቀቃል። ስድስት ቻርጅ ክሮሚየም ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ተያይዞ ኔጋቲቭ አዮን ነው፤ በአሲዳማ ውሃ በብረት ኦክሳይድ ላይ ይያዛል፣ ፒኤች ከ8 ሲያልፍ ይለቀቃል። መርዛማውና ካንሰር አምጪው ስድስት ቻርጁ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ፍሳሽን ፒኤች ማስተካከል አንዱን ሲያስይዝ ሌላውን ሊያስለቅቅ ይችላል፤ አስቀድመው የትኛው እንዳለ ይለዩ። ስድስት ቻርጁን ዳይፌኒልካርባዛይድ ጨምሮ በ540 ናኖሜትር ብርሃን መለካት ይቻላል።

የናኖ ብረት፣ ማለትም ኦክሳይድ ያልሆነው ብረት፣ ስድስት ቻርጁን ወደ ሦስት ይመልሰውና ከብረት ጋር አብሮ እንዲዘቅጥ ያደርገዋል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ያሳስባል። ዱቄቱ አየር ሲያገኝ ይዝጋል፣ ስለዚህ በተሠራበት ቀን ወይም ናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጦ መዋል አለበት። ሁለተኛው ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፤ በደለሉ ውስጥ ካለ ሦስት ቻርጁን መልሶ ወደ ስድስት ሊያደርሰው ይችላል።

ቆቃን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አልጌ በብዛት በቅሎ ሲሞት ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ያጣል። ኦክስጅን በሌለበት ደለል ውስጥ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ራሳቸው ይሟሟሉ፤ በገጻቸው የያዙት ፎስፌትና አርሰኒክም አብሮ ይወጣል። እዚህ የፒኤች ለውጥ አላስፈለገም፤ ያዡ ራሱ ነው የጠፋው።

በአዋሽ ውሃ ውስጥ ናኖ ቅንጣት በተፈጥሮ አለ?

አለ፤ በክረምት ደፍርሶ የሚወርደው ውሃ የሸክላና የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን ይዟል፤ ከፊሎቹ ናኖ ናቸው። ብረታ ብረትና ፎስፌት ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ። በውሃ ማጣሪያ ጣቢያ አሉም ሲጨመር ቅንጣቶቹ ተሰባስበው ከነሸክማቸው ይወርዳሉ፤ በሚገባ የሟሟው ፍሎራይድ ግን በተለመደው የአሉም መጠን ብዙም አይቀንስም። ከቅጠልና ከአፈር የሚመጣው ሂዩሚክ ነገር ቅንጣቶቹን ስለሚለብሳቸው እንዳይጣበቁ ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ የአሉሙ መጠን ይጨምራል።

ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል ማጣሪያ ቁስ ያስፈልጋል?

በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመጠጥና ለምግብ ይበቃል እንበል። ከ10 ወደ 1.5 ሚሊግራም ለማውረድ በቀን 170 ሚሊግራም ፍሎራይድ መያዝ አለበት። አንድ ኪሎ ቁስ 3.5 ሚሊግራም በግራም ከያዘ 20 ቀን ገደማ ይሠራል። 1 ሚሊግራም በግራም ብቻ ከያዘ ስድስት ቀን አይሞላም።

የትኛውን ቁጥር እንደሚወስዱ እዚህ ላይ ይለያል። በላንግሚውር ቀመር የሚወጣው ከፍተኛ አቅም በውሃው ብዙ ፍሎራይድ ሲቀር የሚደረስበት ነው። ለአንድ ባልዲ በአንድ ጊዜ ዱቄት ጨምሮ ማጣራት ከሆነ የሚያስፈልገው 1.5 ላይ ሲደርስ የሚይዘው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከከፍተኛው በጣም ያንሳል። በዓምድ ውስጥ ውሃ ከላይ ወደ ታች ሲያልፍ አቅሙ የተሻለ ይወጣል።

ዱቄቱን እንዳለ ዓምድ ውስጥ መጨመር አይቻልም፤ ይደፈናል ወይም ከውሃው ጋር ይወጣል። በአሸዋ፣ በሸክላ ጥራጥሬ ወይም በአጥንት ከሰል ላይ ተለብጦ ነው የሚገባው። ለብጡ መያዙን ለማየት የመጀመሪያዎቹን 20 የዓምድ መጠን ውሃዎች ለብረት ወይም ለአሉሚኒየም ይፈትሹ።

ከማጣሪያው የወጣው ውሃ ከገባው የባሰ ፍሎራይድ አሳየ። ይቻላል?

ይቻላል። ዓምዱ 10 ሚሊግራም ባለው ውሃ ከጠገበ በኋላ 4 ሚሊግራም ያለው ውሃ ቢገባበት፣ ሚዛኑ ስለተለወጠ የያዘውን ይለቃል፤ የሚወጣው ከ4 ይበልጣል። ሁለት ጉድጓድ እያፈራረቁ በሚጠቀሙ ቦታዎች የሚያጋጥም ነው። የውሃው ፒኤች ሲጨምር ወይም ፎስፌት ያለበት ውሃ ሲመጣም እንዲሁ ይሆናል። መፍትሔው ቁሱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠግብ፣ የሚወጣው 1.5 ሲነካ፣ ማቆም ነው።

የጠገበውን እንዴት አድሳለሁ?

ለአሉሚና የተለመደው 1 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማሳለፍ፣ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ገለልተኛ ማድረግ ነው። የአሲዱ ደረጃ ከተዘለለ ገጹ ኔጋቲቭ እንደሆነ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚገባው ፍሎራይድ ሳይያዝ ያልፋል፣ የሚወጣው ውሃም መራራና ከፍተኛ ፒኤች ያለው ይሆናል። አሲዱ ከበዛ ደግሞ ቁሱ ይሟሟል። በየእድሳቱ አቅሙ ይቀንሳልና ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ መልሰው ይለኩ። ፍሎራይድ የጠገበውን የማደሻ ፍሳሽ ወደ ቦይ አይድፉት፤ ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ኖራ ጨምረው ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ ይዝቀጥ። የሚቀረው ውሃ ግን አሁንም ጥቂት ሚሊግራም በሊትር ሊኖረው ስለሚችል ሳይለካ አይለቀቅ።

ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን ይቀንሳል?

አይቀንስም። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ ስለዚህ ይጨምራል።

ያገለገለውን ዱቄት የት እጥላለሁ?

መጀመሪያ መልቀቁን ይፈትሹ። በሰፊው የሚሠራበት የማስለቀቂያ ፈተና አሴቲክ አሲድ ባለው፣ ፒኤቹ 4.93 በሆነ ውሃ 20 እጥፍ ተደርጎ ለ18 ሰዓት ማዞር ነው። ለሊድና ለካድሚየም ተገቢ ነው፤ አሲድ ያስለቅቃቸዋልና። ለፍሎራይድ፣ ለአርሰኒክና ለስድስት ቻርጅ ክሮሚየም ግን ያሳስታል፤ እነዚህ በአሲድ ይበልጥ ይያዛሉ። በዚህ ፈተና «አይለቅም» የተባለ ቁስ የስምጥ ሸለቆው ባይካርቦኔት ያለበት ውሃ ሲያገኘው ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ፈተናውን በአካባቢው ውሃ፣ በፒኤች 8 እና 9፣ እንዲሁም በፎስፌት ውሃ ይድገሙት። ማሳ ላይ መበተን፣ በተለይ ማዳበሪያ የሚጨመርበት ላይ፣ ፎስፌቱ በካዩን እንዲያስለቅቅ መጋበዝ ነው። ከሲሚንቶ ጋር ሲቀላቀልም ፒኤቹ 12 ስለሚደርስ ፍተሻው ጡቡ ወይም ብሎኬቱ ከተሠራ በኋላ ይደገም።

ደረቁን ዱቄት ሲይዙ ኤን95 ጭምብልና ጓንት ያድርጉ፣ በመጥረጊያ አይጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ አንስተው በተከደነ ፕላስቲክ ያስቀምጡ፣ በላዩም ምን በካይ እንደያዘና ቀኑን ይጻፉበት።